ስለ ሞቀ ክትባት የተጠራ ግምገማ

ሚልካ ያጠፋችው ጥፋት አንድ ነው፤ አፏን ከፈተች።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለች አንዲት ቀበሌ መብራት አራት ቀን ጠፋ። ሚልካ የምትሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ፍሪጅም አብሮ ጠፋ፤ የከብትን ቆዳ በእባጭ ለሚሞላው ለጉርብርብ በሽታ የመጣው ክትባት ብልቃጡ ውስጥ ሞቀ። የሞቀ ክትባት ከውሃ እንደማይሻል የክሊኒኩ ዘበኛ እንኳ ያውቃል። ኃላፊው አቶ ዓለምነውም ያውቃል።

«ውጉ!» አለ ግን። «ዕቅዳችን ስምንት መቶ ከብት ነው። መብራት ጠፋብኝ ብዬ ሪፖርት ልጻፍ?»

«ከብቱ ሲያልቅስ ምን ብለው ይጽፋሉ?» አለች ሚልካ።

«ከብት ድሮም ይሞታል።»

በማግስቱ ገበሬው ከብቱን ነድቶ ሲመጣ ሚልካ በሩ ላይ ቆማ «ክትባቱ ተበላሽቷል፤ ከብታችሁን መልሱ!» አለች። መለሱ። በሬዎቻቸውን ከሁሉ ፊት ያሰለፉት አያ አድማሴ «የወለደችሽ ትባረክ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ሳምንት ሳይሞላ ግምገማ ተጠራ። ፍሪጁ የሚገመገም እንዳይመስላችሁ፤ የምትገመገመው ሚልካ ናት። ሠራተኛውና ገበሬው የቀበሌውን አዳራሽ ሞላው። ዓለምነው ቁርጡን ነገራት፤ ወይ ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ አድርጋ «ክትባቱ ደህና ነበር፣ ያሳሳትሁ እኔ ነኝ» ትላለች፣ ወይ ከሥራዋ ትሰናበታለች።

ክንዴ ተነሣ። የሞቀውን ብልቃጥ ከእሷ ጋር በእጁ የዳሰሰ የሥራ ባልደረባዋ ነው። «ሚልካ ጎበዝ ናት» አለ ኮርኒሱን እያየ፤ «ግን የአመለካከት ክፍተት አለባት።»

«የእጅህስ ክፍተት? ሙቀት አይለይም?» አለችው።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ዓለምነው ሲያያቸው ሳል አስመሰሉት።

«አሳስታናለች የምትሉ እጅ አውጡ!» አለ ዓለምነው።

አወጡ። አያ አድማሴም አወጡ፤ ግንባሯን የሳሙት አያ አድማሴ! ሚልካ ብድግ አለች።

«ክትባቱ ሞቋል» አለች። «ነገም ብትጠይቁኝ ሞቋል።»

ተሰናበተች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አያ አድማሴ ሁለት በሬ እየነዱ ደጇ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ሊከትቡ ነው አሉ። አዲስ መጥቷል ወይስ ያው ነው?» አሏት።

«ያው ነው፤ ከወረዳ የመጣ የለም። ግን እጅ አውጥተው የለ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የማዳበሪያው ስም ዝርዝር በእነ ዓለምነው እጅ አይደል? አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትችይዋለሽ።»

«አዎ፣ እኔን በጓዳ ትጠይቁኛላችሁ፣ በአደባባይ ትቀብሩኛላችሁ! እንግዲህ እርስዎ ሰምተዋል፤ መንገዱ ላይ ቆመው ለሰዉ ይንገሩ።»

ሽማግሌው መንገዱን አዩ። ጎረቤታቸው በለጡ ያለቻትን አንድ ላም እየነዳች ወደ ክሊኒኩ ትሄዳለች።

«እንዴት አደርሽ በለጡ?» አሏት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ አይመጡም?»

«እ... እደርሳለሁ፣ እደርሳለሁ።» በሬዎቻቸውን ወደ ቤታቸው አዞሩ።

ሚልካ ደሟ ፈላ። አያ አድማሴን ገፍታ መሐል መንገድ ወጣች፤ ክሊኒኩ በር ላይ የቆመው ዓለምነው እስኪሰማት ድረስ ጮኸች።

«በለጡ! ላሚቱን መልሻት! ያው የሞቀው ነው!»