ፊደል የሚጠብቁ ጣቶች

ምርቃት የሚጠላ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። በኋላ ግን እኔው ራሴ ሆንኩ። ላሊበላ ከገበያው በላይ ሬዲዮ፣ ሞባይልና ኮምፒውተር የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የኔታ ተክለ ሚካኤል በሯ ላይ ቆመው፣ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ወደማያዩት ፊቴ ዞረው «ጋሻዬ ልጄ፣ የነካኸው ሁሉ ይለምልም» ሲሉኝ ጥርሴን እነክስ ነበር። ምን እንደነካሁ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ትሕትና አብራኝ ቆጥራለች፤ ትበልጠኝም ነበር። አሁን ይህን ብናገርላት ምን ይጠቅማታል! ኮን ከተማ ተድራ ትዳሩ አልሆን ቢላት በ2001 ዓ.ም. ወደ አባቷ ተመለሰች። እናቷ ሞተዋል፣ የኔታ ማየት አቁመዋል፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሁለት መንገድ ነበራት፤ ወይ ወረዳው ውስጥ ጸሐፊ ሆና መቀጠር፣ ወይ እንደ እኩዮቿ ቤይሩት። «አባባን ለማን ትቼ?» ትል ነበር። ስለዚህ በኮምፒውተር መጻፍ መማር ነበረባት።

ላፕቶፑን አንዲት ቱሪስት ትታላት ሄደች። ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው የሞተ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ አሮጌ እቃ ነው። ፈረንጆቹ መጣል ሲሰለቻቸው ለእኛ ይሰጡናል፣ እኛም እናመሰግናለን። ፈትቼ አየሁት። ራሙ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜጋ ብቻ ነው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ ሥራውን የሚዘረጋበት ቦታ ነው፤ አውድማ በሉት። አውድማው ከጠበበ በሬዎቹ ምን ቢጎብዙ እየተጋፉ ይቆማሉ።

«ሌላው ደህና ነው። አንድ ጊጋ፣ የዚህን አራት እጥፍ፣ ራም ይግባለት፤ ለጽሕፈት ይበቃሻል» አልኳት።

ክረምቱን ሙሉ ስፌት ሰፋች። ሰፍታ፣ ሸጣ፣ ራሙን በሾፌር እጅ ከደሴ አስመጣች። ጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች።

«የክረምት ሥራዬ ሁሉ ይቺ ናት?» ብላ ሳቀች።

«ይቺ ናት» አልኩ፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግሥቱ አቶ ደባሱ የራሱን ላፕቶፕ ላከብኝ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ግን ይበቃዋል። ደባሱ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ በየስብሰባው ከፊት የሚቀመጥ፣ ሲያልፍ ሰው ከወንበሩ የሚነሣለት። «ፈዞብኛል፣ ቶሎ አስተካክልልኝ» የሚል ቃል ብቻ ነው የላከው። አላስፈራራኝም። ስለ ንግድ ፈቃዴ ትንፍሽ አላለም። ከፈትኩት፤ የትሕትና ራም ልክ ሆነለት። እኔው በገዛ እጄ አስገባሁለት። ለምን ቢሉኝ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እንዲያደርገኝ። አደረገኝም። ለትሕትና በሚቀጥለው መኪና ሌላ አስመጣለሁ ብዬ ነበር። ደባሱ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ቢሮው ተቀምጦ ካርታ ይጫወትበት ነበር።

የእሷን ላፕቶፕ አቧራውን ጠረግሁ፣ የማይፈለጉትን ፕሮግራሞች አጠፋሁና መለስኩላት።

«ገባ?»

«ገብቷል።»

ለአንድ ሁለት ቀን ሻል አለው፤ ከዚያ ያው ሆነ። እሷ ግን ደህና ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ከምን ታወዳድረው?

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ገባሁ። የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው ቃል በቃል ያጽፏታል። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ የያዛት ፊደል ጥርት ብላ ሳትወጣ ወደምትቀጥለው ማለፍ የለም፤ ላለፈ አለንጋ አለ። ትሕትና ቁልፉን ትጫናለች። ምንም የለም። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይታ ፊደሏ ብቅ ትላለች። የኔታ የቁልፉን ድምፅ ሰምተው «ወጣች?» ይላሉ። «ወጣች፣ አባባ።» «ቀጥይ።» ደግሞ ትጫናለች፣ ደግሞ ትጠብቃለች። «ወጣች?» «ወጣች።»

«ደግ መምህር ነው ይህ እቃ» አሉኝ የኔታ። «አያጣድፍም። የዛሬ ልጅ የሚስተው ሲቸኩል ነው። እኛስ እንዲህ አልነበር ያስተማርንህ?»

ትሕትና ኮራ ብላ አየችኝ። አባትና ልጅ ለወራት እንደዚያ ተቀምጠው፣ የእቃውን ድካም ትምህርት ነው ብለው ተቀብለውታል። አፌን መክፈት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። «የኔታ፣ እቃው መምህር አይደለም፤ እኔ ራሙን ሰርቄበት ነው የደከመ» ማለት ነበረብኝ።

«እውነትዎን ነው፣ የኔታ» አልኩ። ትሕትና ጠላ ቀዳችልኝ፤ ጠጣሁ።

ወደ ደሴ የሚያወጣው የጋሸና መንገድ በበልጉ ዝናብ ተቆረጠ፣ ተከፈተ። እኔም ደሴ ደርሼ መጣሁ። ለሱቄ የሞባይል ሽፋን በካርቶን ጭኜ ስመጣ ራሙን ረሳሁት። ረሳሁት እላለሁ እንጂ የሱቁ ሰው «ሌላስ?» ሲለኝ ትዝ ብሎኝ ነበር። «ይበቃኛል» አልኩት።

የወረዳው የጸሐፊነት ፈተና በሰኔ መጣ። አንድ ገጽ አማርኛ በዐሥር ደቂቃ፣ በመሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች። ከፈታኞቹ አንዷ ይማርሽ የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። በማግሥቱ ስልኳን ልታሠራ መጣች።

«የየኔታን ልጅ ምን አገኛት በሞቴ?» አለችኝ። «አንድ ስህተት የለባት፤ ግን ገጹን እኩሌታ እንኳ አላደረሰችው።»

«ደንግጣ ይሆናል።»

«ኧረ አልደነገጠችም! ትጠብቃለች። ፊደሉ ወጥቶ ፊቷ ተቀምጦ፣ እሷ እጇን አንሥታ ትጠብቃለች። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ጸሎት የምታደርስ መስሎኝ ነበር።»

ምን ትል እንደነበር አወቅሁ። የስልኳን ብሎን አጥብቄ «ጨርሻለሁ» አልኳት።

ትሕትና ማንንም አልወቀሰችም። «ጭንቅላቴ ነው የዘገየው» አለች። ሥራው ሲቀርባት ለቤይሩት ፓስፖርት አወጣች፤ ደላላው ነሐሴ ላይ ለአንድ ሐሙስ ቀጠራት። የኔታ ኮን ወዳለችው የእህታቸው ልጅ ይሄዳሉ ተባለ። በዚህ ዕድሜያቸው በሩን ዳስሰው በማያውቁት ቤት ሊቀመጡ ነው።

ያኔ ራሙ ተገኘልኝ! በሁለት ቀን ከደሴ ደረሰ። ትሕትና ላፕቶፑን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልትሰጥ መሆኑን ሰምቼ «ሳትሰጪው አንዴ ልየው» ብዬ ተቀበልኳትና አስገባሁበት። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እኔው እንቅልፍ እንዲወስደኝ ይሆናል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አባቷን እየመራች ልትወስደው መጣች። የኔታን በርጩማ ላይ አስቀመጠች። «የመለማመጃ ጽሑፎቼን ላጥፋ» ብላ ከፈተችው። ሌላ ጊዜ እስኪነሣ ድረስ ቤት ይጠረግ ነበር፤ አሁን ወዲያው ተነሣ። ግንባሯን ቋጠረች። ጽሑፏን ከፈተችና አንዲት ቁልፍ ተጫነች። ፊደሏ ጣቷ ሳይነሣ ወጣች። እጇ ግን እንደለመደው ከቁልፎቹ በላይ ቆመ።

የኔታ የቁልፉን ድምፅ ሰምተው ፈገግ አሉ። «ወጣች?»

ትሕትና በአየር ላይ የቆመ እጇን አየች፣ ፊደሏን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«መቼ ነው ያስገባኸው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ቅዳሜ።»

«የኔዋ ናት?»

«አይደለችም። ያንቺን ለአቶ ደባሱ ሰጠሁት።»

እጇን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። የኔታ ነገሩ አልገባቸውም፤ እቃ የምንረካከብ መሰላቸው። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ቀኝ እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ።

«ጋሻዬ ልጄ፣ እስከ መጨረሻው አልተለየኻትም። የነካኸው ሁሉ . . .»

«አባባ» አለች ትሕትና። አልጮኸችም። የተዘረጋውን እጃቸውን ያዘችና ወደ ታች አወረደችው። «ይተዉት። አይመርቁት።»

ላፕቶፑን እንደተከፈተ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ አባቷን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ «ለምን፣ ልጄ?» ሲሏት ሰማሁ። መልሷን አልሰማሁም።