የወጌሻው ወገብ

የጋሽ አባዲ ወገብ የተያዘው የሰው ትከሻ ሲመልሱ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወለቀ ሲመልሱ፣ የዞረ ሲያሹ የኖሩ ወጌሻ ናቸው። የዚያን ቀን የአንድ ግዙፍ የሲኖትራክ ሹፌር ክንድ ይዘው ሳብ ሲያደርጉ ትከሻው ቦታው ገባ፤ የእሳቸው ወገብ ግን ቀጭ አለና እንደጎበጡ ቀሩ። ሹፌሩ ደንግጦ "ምነው ጋሼ?" ቢላቸው፣ "ምስጋና እያደረስኩ ነው፤ አንተ ሂድ" አሉት።

ሳምንት ሙሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትበርህ በቅቤ አሿቸው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ "ደምበል አካባቢ የተከፈተው፣ አከርካሪና መገጣጠሚያ በእጅ የሚያክሙበት የካይሮፕራክቲክ ክሊኒክ ለምን አትሄድም?" አሏቸው።

ነገሩ ከባድ ነበር። እዚያ የሄደ ሰው አንገቱ እንደ ዶሮ ይቆለመማል ብለው ለሰፈሩ ያወሩት ራሳቸው ጋሽ አባዲ ናቸው። ቢሆንም ሕመሙ ባሰና አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ሄዱ። ካርድ ክፍል ስማቸውን ሲጠየቁ የጎረቤታቸውን ስም ሰጡ፤ "ሊካሳ" አሉ።

መጠበቂያው ወንበር ላይ ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለችው ሴት ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ሰረቅ አድርገው አዩዋት። ወሎ ሰፈር ጨርቅ የምትሸጠው ፈትያ ናት፤ አንገቷን አራት ዓመት ያሹላት ደንበኛቸው።

"ጋሽ አባዲ፣ ምን እግር ጣለዎት?" አለች በቀስታ።

"ሰው ላደርስ መጥቼ ነው። አንቺስ?"

"እኔም ሰው ላደርስ።"

ሁለቱም ያደረሱትን ሰው ፍለጋ ኮሪደሩን ቃኙ። ከእነሱ በቀር ማንም አልነበረም።

"አቶ ሊካሳ" ብላ ነርሷ ተጣራች። ጋሽ አባዲ ንቅንቅ አላሉም። ደግማ ስትጣራ ወደ ፈትያ ዞረው፣ "ይሄ ሰውዬ ተራው ሊያልፈው ነው" አሉ።

ነርሷ መጥታ ፊታቸው ቆመች። "አባባ፣ ሊካሳ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ፈትያ አፏን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ውስጥ የጠበቀቻቸው ዶክተር ሃበን ወጣት ናት። ገና ከመግባታቸው ትዘልብኛለች ብለው ሲሰጉ እሷ መጠየቅ ያዘች። መቼ ጀመረዎት? ወደ እግር ይወርዳል? ይደነዝዝዎታል? ሽንት ያስቸግርዎታል? ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፤ ያጎንብሱ፣ ቀና ይበሉ አለቻቸው።

"ሕክምናው መቼ ነው የሚጀመረው?" አሉ ሲሰለቻቸው።

"ተጀምሯል እኮ አባባ። የተሰበረ ወይም የሳሳ አጥንት ከሆነ አልነካውም። መጀመሪያ ማወቅ አለብኝ።"

ጋሽ አባዲ ምንም ሳይጠይቁ ይዘው የሳቡት ሰው ሁሉ ትዝ አላቸውና ላብ አጠመቃቸው።

"ሥራዎ ምንድነው?"

"ጡረታ።"

"እጅዎ ግን ቅቤ ቅቤ ይላል። አውራ ጣትዎም የወጌሻ ነው።"

እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ውጭ ላለችው ሴትዮ እንዳትነግሪብኝ" አሉ።

"የታካሚ ምስጢር አላወጣም" አለች ሳቋን ውጣ። በጎን አስተኛቻቸው፣ አንድ ጉልበታቸውን አጠፈችና "ትንፋሽ ያውጡ" አለች። ቀጭ።

"ሰበርሽኝ" አሉ ጋሽ አባዲ።

"አጥንት አይደለም የጮኸው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለ አየር ነው። ዛሬና ነገ ትንሽ ሊያምዎት ይችላል። በአንድ ቀን አያልቅም፤ ተመላልሰው ይመጣሉ፣ ቤትም እንቅስቃሴ ይሠራሉ። እግርዎ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይሂዱ።"

ሲወጡ ፈትያ ተራዋ ደርሶ ፊቷ አመድ መስሏል።

"አይዞሽ" አሏት እንደ አዋቂ። "ቀጭ ሲል እንዳትደነግጪ፤ አየር ነው።"

"እኔ አላየሁዎትም፣ ጋሽ ሊካሳ።"

"እኔም አላየሁሽም።"

ከአምስት ምልልስ በኋላ ጋሽ አባዲ ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ። አሁን እሳቸው ዘንድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይጠየቃል፤ ስብራት የጠረጠሩበትን ደግሞ ሳይነኩ ወደ ሆስፒታል ይሰዱታል። ሰፈሩ "ጋሽ አባዲ ኮርስ ወስደዋል" ማለት ጀምሯል። የት እንደወሰዱ ሲጠየቁ ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ እያደረጉ፣ "ደምበል አካባቢ" ይላሉ።