አባት ያለው ችግኝ

ታላቅ ወንድሜ ቁርጥ አባቴን ነው። አካሄዱ፣ ሳሉ፣ ሲናደድ ጆሮውን መጎተቱ ሳይቀር ያባቴ ነው። ሰፈሩ «ፎቶኮፒ» ይለዋል፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ አቤት ይላል። እኔ ማንንም አልመስልም። ልጅ ሆኜ እንግዳ በመጣ ቁጥር አክስቴ፣ ያባቴ እኅት ማለት ነው፣ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞረኝና «ይኼን ደግሞ ከየት አመጣችሁት?» ትላለች። አባቴ ይስቃል። «እኔ ምን አውቄ፣ እናቱን ጠይቋት!» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እናቴ ሳህን ታነሳለች።

ቀልዱ እኔ ሳድግም አላረጀም። ለትምህርት ቤት «አንዱ ይበቃል» ሲባል ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ጠረጴዛ ደረሰው፣ እኔ ዶማ። አባታችን ሲሞት በር ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «አባትና ልጅ ችግኝ ጣቢያ» ይላል። ሰሌዳውን መሰላል ላይ ወጥቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ሥራችን የብርቱካን ችግኝ ነው። የጎምዛዛውን ብርቱካን ዘር እንዘራለን፤ በቅሎ ሲጠነክር ከጣፋጩ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠን በላዩ ላይ እናጣብቃለን። ሥሩ የጎምዛዛው፣ ራሱ የጣፋጩ ይሆናል። ዘሩ ሁሉ የሚለቀመው አባቴ በወጣትነቱ ከተከላት ከአንዲት እናት ዛፍ ነው። የእኔ ድርሻ መንቀል ነበር። ከአንዲት ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቅጠላቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ እንደ ወታደር የተሰለፉ። በመሀላቸው አልፎ አልፎ አንድ ቀጫጫ፣ ቅጠለ ጠባብ፣ እሾሃም ብቅ ይላል። አባቴ በሁለት ጣቱ ይይዘውና «ይኼ የኛ አይደለም» ብሎ መዥረጥ ያደርገዋል። እኔም እንደዚያው ተማርኩ። ስንቱን ነቀልኩ!

አንዱን ግን አልነቀልኩትም። ከርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። አባቴ በገዢዎች ፊት ያችን ቀልድ የደገማት ቀን ነበርና እልኬ መጣ። ከነአፈሩ ወስጄ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ፣ የእጅ መታጠቢያው ውኃ የሚፈስበት ጋ ተከልኩት። አደገ፤ ጠማማ፣ እሾሃም፣ ፍሬው ምላስ የሚያደነዝዝ ሆኖ አደገ። ሠራተኞች የሥራ ልብስ ያንጠለጥሉበት ነበር። ሌላ ቁም ነገር አልነበረውም።

ኋላ በሽታው መጣ። መጀመሪያ የአንዱ ችግኝ መደብ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ከዚያ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ እየተሰነጠቀ ሙጫ ማንባት ጀመረ። ሲነቅሉት ሥሩ እንደ በሰበሰ ጨርቅ በእጅ ይቀራል። ወንድሜ መድኃኒት ረጨ፣ ውኃ ቀነሰ፣ ሠራተኛ ተሳደበ። መደቦቹ ተራ በተራ አለቁ። እናት ዛፏም ደረቀች።

ከግብርና ቢሮ አንዲት ባለሙያ ተጠርታ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ጫማዋ ጭቃ የማይፈራ። የሞተውን ሁሉ ካየች በኋላ እጇን ልትታጠብ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ዞረችና ቀጥ አለች።

«ይኼስ?»

«እሱ የኛ አይደለም» አለ ወንድሜ። በራሱ በአባቴ ድምፅ።

ጎንበስ ብላ ግንዱን በጥፍሯ ፋቀችው። ንጹሕ ነው። እኩዮቹ ሁሉ አልቀው እሱ ቆሟል። ከየት እንደመጣ ነገርኳት። ሳቀችና የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ከዘር ከረጢታችን አንዲት ዘር አወጣች። ላጠቻት፣ በጥፍሯ ከፈለቻት። ውስጧ አንድ ትልቅና ሁለት ትናንሽ ፍንካች ተጣብቀው ነበር።

«እነዚህ ሁሉ አንድ ዘር ውስጥ ያሉ ቡቃያዎች ናቸው» አለች። «አብዛኞቹ ከናትየዋ ሥጋ ብቻ የወጡ ናቸው። የወንዴ ብናኝ አልነካቸውም። ያለ ጾታ መራባት የምንለው ይኼ ነው፤ ዛፏ ራሷን ደገመች። አባት የላቸውም። አንዱ ብቻ ነው ከወንዴና ከሴቴ የተገኘው። ከሁለቱም ስለወሰደ ማንንም አይመስልም።»

«የቱ ነው አንዱ?» አልኳት።

«እናንተ የምትነቅሉት።»

ወንድሜ ጆሮውን ጎተተ። «ታዲያ አንድ ዓይነቱ ምን አደረገ? ገዢ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው!»

«ሲመች አንድ ዓይነት ይሻላል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ አያሳፍርም። ግን የአንዱን ቤት ቁልፍ ያገኘ ሌባ ሁሉንም ቤት ከፈተ። የተለየው ደግሞ እጣ ነው፤ አብዛኛው እርባና ቢስ ይሆናል። አንዳንዱ እንዲህ ይቆማል። በሉ፣ ከዚህ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አፈር ውስጥ ብትሰኩት ሥር ያወጣል፤ ጣፋጩን በዚያ ላይ ታጣብቃላችሁ። ሥራችሁ የሚተርፈው በሱ ነው።»

እሷ ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። አባት ያለው እሱ ብቻ ነው! ስሙልኝ እስቲ። ዕድሜ ልኬን አባት የለሽ መስዬ ስነቀል የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ያለ አባት የቆሙት እነዚያ ተሰላፊዎቹ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ መቁረጫውን ይዞ መጣ።

«አትነካውም» አልኩት።

«ያባቴ መሬት ላይ ነው ያለው።»

«ያባታችን በል።»

«እሺ ያባታችን። ዞር በል አሁን።»

«እንዲህ በጓሮ አይደለም። በእማዬ ፊት፣ በአክስታችን ፊት፣ ወንድሜ ያባቴ ልጅ ነው ብለህ ትናገራለህ። ከዚያ ትቆርጣለህ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያምሃል እንዴ?»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ቸግሮሃል፣ ወንድም ጋሼ።»

አየኝ፤ የደረቁትን መደቦች አየ። «ዛሬ ምሳ ላይ» አለ።

ምሳ ላይ ሁላችንም እናቴ ቤት ተቀመጥን። እናቴ በመስኮቱ በኩል፣ አክስቴ አጠገቧ። ወንድሜ ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ ተነሳ።

«ስሙኝማ። ይኼ ወንድሜ ነው፣ ያባቴ ልጅ ነው። ያልተባለ ነገር ካለ አሁን ተባለ።» ወደ እኔ ዞረ። «በቃ? ነገ ጠዋት እንቆርጣለን አይደል?»

ዕቃ ተረክቦ ፊርማ እንደሚያኖር ሰው ነው የተናገረው። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት ቃል ለሱ አንድ ጉርሻ እንኳ አላስቀረበትም።

«ኧረ አይደለም ያለ ማን አለ?» አክስቴ ሳቀች። «እኛ እኮ ስንጫወት ነው! ይኼ ልጅ ሲያኮርፍ ሊያረጅ ነው።»

እናቴ አልሳቀችም። «ማን አስባለህ?» አለችው ወንድሜን። በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

«አንተ ነህ?»

«ላንቺም ብዬ ነው፣ እማ።»

«ለእኔ?» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባትህ ሲቀልድ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ለምን መሰለህ? እንደማያምነው አውቃለኋ። ቢያምነው ይስቅ ነበር? ለካ ያመንከው አንተ ነህ።»

«አላመንኩም፤ የግብርናዋ ልጅ ስለ ችግኙ ስትነግረን...»

«እኔ እናትህ እዚህ ተቀምጬ ዛፍ ጠየቅህ?»

እናቴ ክንዷን ለወንድሜ ዘረጋች። «ና፣ ወደ ክፍሌ ውሰደኝ» አለችው። እሱን ነው ያለችው። በሩ ሲዘጋ አክስቴ በሹክሹክታ «አየህ አሁን፣ በሽምግልናዋ ለፍርድ አቆምካት» አለችኝ። እንዲያ ያለችኝ ቀልዱን የጀመረችው እሷው ናት!

በማግስቱ ወንድሜ መቁረጫና እርጥብ ጆንያ ይዞ መጣ። ቃሌ ነውና መከልከል አልቻልኩም። እሾሁ እንዳይወጋው ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጌ ያዝኩለት። ቀጥ ቀጥ ያለውን እየመረጠ ጆንያው ላይ ደረደረ፤ ጠማማውን ወደ እግሬ ጣለው። የእናቴ መስኮት በዚያ በኩል ነው። ዘግታዋለች።

«ያባታችን ዛፍ» አለ እየቆረጠ፣ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ።

«ዝም ብለህ ቁረጥ» አልኩት።