ጎፋ የሚለው ወረቀት

አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር «አምሐ አይሳሳትም» የምል ሰው ነበርኩ፤ ስለ ራሴ። ትናንት መካኒሳ ባለው የኮሌጃችን ላብራቶሪ ውስጥ ይህ አባባሌ አከተመ።

ጎፋ እና መካኒሳ ብዬ የሰየምኳቸው ሁለት አሮጌ ራውተሮች፣ ማለትም የኔትወርክ ማገናኛ መሣሪያዎች፣ አሉን። ፈተናው ሁለቱን ፍሬም ሪሌይ በሚባል የኔትወርክ ዘዴ ማገናኘት ነው። ዘዴው ያረጀ ነው፤ መሣሪያችንም እንደዚያው። መስመሩ በየጫፉ የተለያየ ቁጥር አለው፤ ተማሪው ቁጥሮቹን በየራውተሩ ካስገባ ይገናኛሉ፤ ካልተገናኙ ወደቀ፣ የምስክር ወረቀቱም ቀረ። ቁጥሮቹን በቃል መናገር ስለሰለቸኝ በዚህ ሴሚስተር «ጎፋ 102፣ መካኒሳ 201» ብዬ ጽፌ መደርደሪያው ላይ ለጠፍኩ።

ተማሪዬ ኦሊያድ በፈተናው ቀን ታሞ ስለነበር ትናንት ለብቻው ተፈተነ። ቁጥሮቹን አስገባ፤ ስክሪኑ እንዲህ ያለ መስመር የለም አለው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም፤ ተነሥ ብዬው ራሴ ተቀመጥኩ። ወረቀቴን እያየሁ ጎፋ ላይ 102፣ መካኒሳ ላይ 201 አስገባሁ። መስመር የለም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ አሁንም የለም።

በንዴት ቁጥሮቹን አቀያየርኳቸው። ወዲያው ተገናኙ።

ያኔ ገባኝ። ወረቀቱን ስጽፍ በልቤ «ወደ ጎፋ የሚሄደው» ማለቴ ነበር። የሚያነበው ሰው ግን «ጎፋ ላይ የሚገባው» ብሎ ነው የሚረዳው። ያን ጊዜ ተማሪዬ ያኤል ትዝ አለችኝ።

ባለፈው ወር ስትፈተን መስመሩ እምቢ ሲላት ዞር ብላ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ ጎፋ ያሉት የታክሲ ረዳት እንደሚጠራው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መካኒሳ ቆሞ «ጎፋ! ጎፋ!» የሚል ረዳት ወደ ጎፋ ሊሄድ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያላገጠችብኝ መሰለኝና ዜሮ ሰጥቼ አስወጣኋት። ምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ ያላት ድርጅትም ሌላ ሰው ቀጠረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው እንጀራ ነው።

ታዲያ ሌሎቹ እንዴት አለፉ? ኦሊያድን ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት የተፈተኑ ተማሪዎች የሠሩት፣ ትክክለኛ ቁጥሮቹ ያሉበት ፋይል በቴሌግራም ይዞራል፤ ሁሉም እሱን ገልብጠው ነው ያለፉት። አልገለብጥም ያሉት እሱና ያኤል ብቻ ናቸው። የጣልኳት ብቸኛ ተማሪ በራሷ የሠራችው ናት።

እዚያው ሆኜ ደወልኩላት። ወረቀቱን አበላሽቼ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጥያቄዋም ትክክል እንደነበረ ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት።

«በክፍሉ ሁሉ ፊት ነው ያስወጡኝ» አለች። «አሁን አጠገብዎ ማን አለ?»

ዞር ብዬ አየሁ። «ኦሊያድ ብቻ።»

«እንግዲያው ሁሉም ሲኖሩ ይደውሉልኝ» ብላ ዘጋችው።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን በአንድ እጄ፣ ስልኩን በሌላው ይዤ ሠላሳው ተማሪ ፊት ቆምኩ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«አቤት፣ ቲቸር» አለች።