የለቅሶ ዜማ ለገና

«በሰው ሬሳ ላይ ድንጋይ ታስለቅሳለች፤ የራሷን ልጅ ግን እንዲህ አፏን ለጉማ ቀበረቻት!» አለች እመቤት፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት። የእመቤት ሹክሹክታ እስከ ጋፋት መንደር ይሰማል።

እቴነሽም ሰምታለች። በደብረ ታቦር አልቃሽ ማለት እሷ ናት፤ ሀብታምም ይሁን ደሀ፣ እሷ ሙሾ ካላወጣችለት ሞቱ ሞት አይመስልም። አሁን የሞተችው ግን አንድ ልጇ ማስተዋል ናት። ከባሕር ዳር፣ ከመዝሙር ቀረጻ ስትመለስ ሚኒባሱ ወረታ አጠገብ ተገለበጠ።

ማስተዋል ጴንጤ ከሆነች ወዲህ እናትና ልጅ በአንድ ገበታ ቀርበው አያውቁም። እድሩም ድንኳኑን የተከለው እያጉረመረመ ነው። «ለእናትየው ስንል» አሉ፤ ሞትም በውለታ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ የእነማስተዋል መዘምራን መሪ ዳኛቸው መሬት መሬት እያየ ገባ።

«መጡ፣ አጨብጫቢዎቹ» አለች እመቤት።

«ሊያለቅስ ነው የመጣው፤ ተይው» አለቻት እቴነሽ።

ዳኛቸው አጠገቧ ተንበረከከ። «እማማ፣ ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የገናው አልበማችን ሊወጣ ነው። ማስተዋል ‹እናቴ ሳትፈቅድ መዝሙሬ አይውጣ› ብላን ነበር። እርስዎ እምቢ ካሉ፣ ከአዲስ አበባ የጋበዝናት ዘማሪ ግጥሙን በሌላ ዜማ ትዘምረዋለች። የማስተዋል ድምፅ ይቀራል።»

እቴነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ክረምቱ ሲወጣ ነበር ማስተዋል የደወለችላት።

«እማዬ፣ አባዬን ያለቀስሽበትን ዜማ ስጪኝ። ለጌታ ልደት ነው።»

«የአባትሽን ሬሳ አውጥተሽ ልታስጨፍሪበት?» ብላ ስልኩን ዘጋችባት። ዳግመኛ አልተደዋወሉም። ኩራት እንዲህ ነው፤ ቢውጡት አያጠግብ፣ ቢተፉት አይወጣ። ለልጇ የነፈገችውን ዜማ አሁን በየትኛው አፏ ታውጣው?

«ስልክህ ውስጥ አለ?» አለችው።

«አለ፣ እማማ።»

«አሰማኝ።»

«በስመ አብ! በለቅሶ ድንኳን የጴንጤ ዘፈን!» እመቤት አማተበች።

«ካልጣመሽ ውጪ።»

ዳኛቸው ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ማስተዋል መጣች። ዜማው የእቴነሽ ነው፤ ባሏን ሙላቴን የቀበረች ቀን ያወጣችው። ግን እሷ «ወዴት ሄድክብኝ» ባለችበት ቦታ፣ ልጅቷ «መጣህልን» ትላለች። ወዲያው አንድ ወፍራም ድምፅ ደርቦ ዋጣት።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ተጋባዧ ናት። እንደምትቀበላት አድርገን ሞክረነው ነበር። ስሟ የታወቀ ስለሆነ…»

«አስወጣት። ልጄን ሸፈነችብኝ።»

«ማስተዋል ብቻዋን የዘመረችውም አለ። ግን ተቀባይ የለውም፣ እማማ። አውጥታ ዝም የምትልበት ቦታ ባዶ ነው።»

«እሱን ክፈተው። አልበማችሁም ላይ እሱን አውጡት።»

ማስተዋል አንድ ስንኝ አወጣችና ዝም አለች። ባዶው መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታወጣ እንጂ ስትቀበል ታይታ የማትታወቀው እቴነሽ በመዳፏ ደረቷን ቀስ ብላ መታች፤ ቀና ሳትልም ተቀበለቻት።

ድንኳኑ የሰማው የእቴነሽን ድምፅ ብቻ ነበር።