አፉ የሞተው መሪ

“ነገ አልሄድም። ቁርጤን ላሳውቅሽ ብዬ ነው የመጣሁት” አለ ጋሽ እንግዳው፣ ገና በሩን እንኳ አልፎ ሳይገባ።

እናትነሽ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የኮምፒውተር ገመድ ታስተካክል ነበር። ድምፁን ስትሰማ ቀና እላለሁ ብላ አናቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨችው። አናቷን እያሸች ወጣች። ዳንግላ ላይ ጌም ቤት ከከፈተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረስ በር ላይ አስሮ የሚገባ ደንበኛ ያየችው ይህን ባለጋሪ ጎረቤቷን ብቻ ነው።

“የት ነው የማይሄዱት?”

“ቆሰበር ነዋ! ለመንጃ ፈቃዱ ፈተና። ሁለት ጊዜ ወድቄ ለሦስተኛ ጊዜ ሰው ላስቅ ነው?”

ጋሽ እንግዳው ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ ነድቷል። ባጃጅ ከተማውን ከሞላው ወዲህ ግን ጋሪው ላይ የሚወጣው ከሰው ይልቅ ጆንያ ሆነ። ታናሽ እህቱ ደጊቱ ድንች ወደ ባሕር ዳር የምታመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ገዛችና “መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ና፣ ቁልፉ ያንተ ነው” አለችው። የጽሑፉን ፈተና በአንድ ጊዜ አለፈው። የተግባሩ ላይ ግን ጉድ ፈላ። መጀመሪያ የተፈተነ ቀን ፈታኙ “አቁም!” ሲለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ ገላ አይደል፣ ፍሬኑን ትቶ ወደ ኋላ ተለጥጦ መሪውን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ሳበው። አፉም አልቦዘነም፤ መኪናዋን እንደ ፈረሱ “ቆም! ቆም በል!” አላት። እሷ የት ሰምታ! ፈታኙ ራሱ ፍሬን ረግጦ አቆማት።

ያኔ ነው እናትነሽ “እኔ ጋ መሪ አለ፤ ደንበኛ ሳይመጣ በጠዋት በጠዋት እየመጡ ይለማመዱ” ያለችው። መሪው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ፣ ከነፔዳሉ ከባሕር ዳር ያገለገለ የገዛችው ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስክሪኑ ላይ ያለችውን መኪና ሲነዳ ከረመ። እግሩ ፍሬኑን ለመደ፣ መሪ መሳቡን ተወ። እናትነሽም ለሰፈሩ ሁሉ “ጋሽ እንግዳውን እኔ ነኝ የማሳልፈው” እያለች ጉራዋን ነፋች። ምን ዋጋ አለው፤ ሁለተኛው ፈተና ላይ ከመጀመሪያውም ብሶ ወደቀ። ነገሩ ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው፣ እሷም አልገባት ብሎ ይከነክናታል። እናትነሽ ደግሞ አንድ ነገር ካልገባት ምግብ አይዋጥላትም።

“እስቲ ቁጭ ይበሉ” አለችው። “እንዴት እንደወደቁ ይንገሩኝ።”

“ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ችካሎቹን ገጨሁ።”

“እሱንማ አውቃለሁ። እጅዎ ምን አደረገ? እሱን ነው የምፈልገው።”

ጋሽ እንግዳው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና በባዶው አየር ላይ መሪ ያዘ። “ፈታኙ ‘ወደ ግራ’ አለኝ። እኔም እዚህ እንደለመድኩት እንዲህ አዞርኩ። እሷ ግን ምንም! ቀጥ ብላ ሄዳ ሦስቱን ችካል ረፈረፈቻቸው። ሳላዞር የቀረሁ እንዳይመስልሽ፣ አዙሬያለሁ! ፈታኙ ልጅ ‘አባቴ፣ እጅዎ ደንዝዟል፣ ቢተዉትስ?’ አለኝ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ሳይሆን አይቀርም። ትናንት የገዛ ፈረሴን ስነዳ ዛቡን መያዜን ሦስት ጊዜ ዝቅ ብዬ አየሁ። እጄን እየፈራሁት ነው።”

  ጠረጴዛው ላይ ያለውን መሪ በአንድ ጣቱ ወዲያ ወዲህ አደረገና ከንፈሩን መጠጠ።

“ይሄም ቢሆን እኮ አፉ የሞተ ነው።”

“የምን አፍ?”

“አፉ የሞተ ፈረስ አታውቂም? ብትስቢውም ብትለቂውም ግድ የሌለው ነው። ደህና ፈረስ እኮ በዛቡ ያወራሻል። ድንጋይ ሲረግጥ፣ ጭቃ ሲገባ፣ ሊደነብር ሲል፣ ቀድሞ ጣትሽ ላይ ይነግርሻል። የዚያች የመኪናዋ መሪ እንኳ ይናገራል። ይሄ ግን ዝም።”

መሪው ለምን ዝም እንዳለ እናትነሽ ታውቃለች። ያን ጊዜ ግን ልቧ የሄደው ወደ ሌላ ነገር ነበር። ሰውየው ባየር ላይ ያዞረው መዞር ትንሽ ነው፤ ክንዱ እንኳ ከክንዱ አልተላለፈም።

“ጋሼ፣ የእውነተኛ መኪና መሪ ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር ይዞራል?”

“ማን ቆጥሮት!”

“እንቁጠረዋ። ይነሱ።”

በጋሪው ደጊቱ መጋዘን ደረሱ። ደጊቱ ድንች የምታስለቅም ነበረችና ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸው።

“እታለም ደጊቱ፣ የፒክአፑን ቁልፍ አንዴ ስጪን። መሪውን ልንቆጥር ነው” አለች እናትነሽ።

“መሪው አንድ ነው። ቆጠርኩልሽ።”

“አትቀልጂ፣ ለነገ ፈተና ነው።”

ደጊቱ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ አቀበለቻት፤ ዓይኗ ግን ወንድሟ ላይ ነበር። “እሑድ ድንቹ ይጫናል። ካለፍክ እሰየው። ካላለፍክ አየነው የሚባል ሾፌር እየጠበቀኝ ነው። ወንድሟ ነው ብሎ ድንቹ ሳይበሰብስ ይጠብቀኛል?”

“እኔ እንግዲህ…” ብሎ ጀመረና ጋሽ እንግዳው ተወው። ነገ አልሄድም ማለቱን ለእህቱ ሊነግራት አልደፈረም።

እናትነሽ ከፈረሱ ግንባር ጌጥ ላይ አንድ ቀይ ፈትል መዘዘች። ሞተሩን አስነስተው መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞሩትና ፈትሉን አናቱ ላይ አሰረችው። ከዚያ ጋሽ እንግዳው ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረ። ቀዩ ፈትል ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ።

“አንድ!” አለች።

አሁንም ወርዶ ወጣ።

“ሁለት!”

ሦስተኛውን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሪው ቀጥ አለ።

“ሦስት ሊሆን ምንም አልቀረው” አለ ጋሽ እንግዳው እየተገረመ። “ያንቺውስ?”

እናትነሽ ፈትሉን ከመሪው ላይ ፈታችው። የእሷው አንድ ዙር እንኳ እንደማይሞላ ሳትቆጥረውም አወቀችው፤ ምክንያቱም ያሳጠረችው ራሷ ናት። መሪውን የገዛች ሰሞን ደንበኞቿ “ብዙ ይዞራል፣ ክንድ ያደክማል” ብለው ሲያማርሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብታ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ የሚለውን ወደ ሁለት መቶ አርባ አውርዳው ነበር። ደንበኞቹ ጠምዘዝ ሲያደርጉት መኪናዋ እጥፍ ስለምትል ወደዱት፤ እሷም ረሳችው። ጋሽ እንግዳው ስድስት ሳምንት ሙሉ የተማረው በዚህ መሪ ነው። መኪናዋ ላይ ሲወጣም የተማረውን ያህል አዞረ፤ እሷ ግን አራት እጥፍ ያህል ትፈልግ ነበር።

ጋሪው ላይ ሲመለሱ እሱ ያወራል፣ እሷ ከራሷ ጋር ትሟገታለች። ብትነግረው ምን ይላታል? ባትነግረውስ ማን ያውቃል? ስክሪኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እሱ አያነበው። ዝም ብላ ብታስተካክለው እንዲያውም “ጎበዝ፣ አገኘሽው” ብሎ የሚያመሰግናት እሱ ነው። ይህን ስታስብ አፈረች፤ ማፈሯ ግን አፏን አላስከፈተላትም።

ቤት እንደገቡ ኮምፒውተሩ ላይ የመሪውን ቅንብር ከፈተች። ቁጥሩን ወደ ዘጠኝ መቶ መለሰችው፤ ሁለት ዙር ተኩል ነው፣ ከመኪናዋ ብዙም አይርቅም። ከሥሩ ደግሞ ፎርስ ፊድባክ የሚለው አለ፤ መሪው እንደ መኪና መሪ እጅን መልሶ እንዲገፋ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱንም ያጠፋችው ራሷ ናት፤ ሲንቀጠቀጥ መሪውን ከጠረጴዛው ጋር የሚያስረው ቡሎን ተሰብሮ ነበርና። ጋሽ እንግዳው የማሰሪያውን መላወስ አየና ወጥቶ ከጋሪው ላይ የቀርከሃ ስንጣሪ አመጣ። በድንጋይ መትቶ እንደ ሽብልቅ ሲያስገባው መሪው ንቅንቅ አልል አለ።

እናትነሽ ኃይሉን አበራችና ሳታስበው እስከ ጫፉ፣ እስከ መቶ ወሰደችው። የስክሪኗ መኪና ኮረኮንቹን ገና ከመንካቷ መሪው ከጋሽ እንግዳው እጅ አምልጦ አውራ ጣቱን ጠረቀው።

“ኧረ በሕግ አምላክ!” ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። “ይሄማ ያልተገራ ውርንጭላ ነው!”

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መሪውን እንደ ዛብ ለስለስ አድርጎ ይይዛል፣ እሷ ቁጥሩን ታወርዳለች። ሰማንያ። “ይጎትታል፣ ቀንሺ።” ስድሳ። “አሁንም ጥቂት።” አርባ። “ተኛ፣ ተኛ! አስነሺው።” ሃምሳ አምስት ላይ ሲደርሱ ዓይኑን ገለጠ።

“ተይው! አሁን ነፍስ ዘራ። ጠጠሩን እየነገረኝ ነው።”

ነዳ። የመጀመሪያውን ኩርባ ሳተው፤ ሁለተኛው ላይ እጁ እጁን አልፎ ሄደ፤ ሦስተኛው ላይ ገባው። ከኩርባው ሲወጣ ጨበጣውን ላላ አደረገና መሪው በመዳፎቹ መሃል ተንሸራቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

“አየሽው? ለቀቅ ሲያደርጉት ራሱ ይመለሳል! እኔ እኮ እየታገልኩ ነበር የምመልሰው።”

አራት ዙር ከመንገዱ ሳይወጣ ጨረሰ። ከዚያ ፍሬኑን በእግሩ ረግጦ አቆመና ዞረ።

“እናትነሽ።”

“አቤት ጋሼ።”

“እንዲህ መሆን የሚችል ከነበረ ስድስት ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አለ?”

“ተበላሽቶ ነው” የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ቀላል ነው፤ ሁለት ቃል ነው። ጋሽ እንግዳው ግን ስትመልስለት እየጠበቀ ሳይታወቀው እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ነበር።

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አለች። “መዞሩን ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ፤ ለደንበኛ እንዲቀል ብዬ። ለእርስዎ መመለስ ነበረብኝ፣ አላሰብኩትም። ችካሉን ያስገጨዎት የእኔ መሪ ነው።”



“ስድስት ሳምንት!” አለ ጋሽ እንግዳው፤ ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ። “በየማለዳው ፈረሴን በር ላይ አስሬ! ሰው አሳቅሽብኝ እኮ! አገር ምድሩን!”

“አዎ።”

“እኔ ደግሞ አረጀሁ ብዬ… ሽምግልና ከእጅ ነው እንዴ የሚጀምረው ብዬ…” አልጨረሰውም። እጆቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አወጣና ገለባበጣቸው። “እና ደህና ነው ማለት ነው? እጄ?”

“ደህና ነው። የእኔ መሪ ባስተማረው ልክ ነው የዞረው። አንድ ስንዝር አልተሳሳተም።”

ጋሽ እንግዳው አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ወጣ። ፈረሱን ሲፈታ ሰማችው። ተቀይሞ መሄዱ ነው ብላ ወንበሩን ልታነሳ ጎንበስ አለች። በሩ ላይ አንገቱ ብቅ አለ።

“በጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ሚኒባስ ነው የምንሄደው።”

“የምንሄደው?”

“አንቺም ትመጫለሽ። ብወድቅ የምቆጣው ሰው አጠገቤ ይኑር።”

“ካለፉስ?”

“ካለፍኩማ ራሴ ነኝ ያለፍኩት! አንቺን ማን ያውቅሻል?” አለና ሄደ።

እናትነሽ ብቻዋን ስትቀር ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ነገ የሴሚስተሩ ትምህርት የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ተማሪው ሁሉ ለጌም ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰለፍበት፣ ተራውን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ያስያዘበት። ዝርዝሩን አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። ከካርቶን ላይ ሰፊ ቁራጭ ቀደደች፤ በማርከር ጻፈችበትና ከደጅ በሩ ላይ ለጠፈችው።

“ነገ ዝግ ነው። ፈተና አለብን።”