እማዬ ደጃፍ ያስቀመጠችው ጆግ

ኢላና ስትደውል ድስት እያጠብኩ ነበር። ኢላና የሰፈራችን ማትናስ፣ የሕዝብ ማዕከሉ ማለት ነው፣ ኃላፊ ናት፤ መናገር ከጀመረች ትንፋሽ አትወስድም።

«አገኘሁሽ፣ ለባህል ልውውጥ ከጎንደር እንግዶች መጥተውልናል። አራት ወጣት ባለሙያዎች ናቸው። የእኛዎቹ ደግሞ በመስከረም ወደዚያ ይሄዳሉ። ሐሙስ ማታ እራት የሚጋብዛቸው ቤተሰብ...»

«እኔ!» አልኳት።

«ቆይ እስኪ ልጨርስ! ከመሪያቸው ጋር አምስት ናቸው። መሪያቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ስማቸው ማን ነበር... ወንዳለ። መምህር ወንዳለ።»

ድስቱ ከእጄ አመለጠ። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም፤ ልጄ ጋዲ ግን ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ፎጣ አገልድሞ ከሻወር ወጣ።

«ኢማ፣ ማ ካራ? ምን ሆንሽ?»

«መምህሬ! መምህሬ አሽዶድ ገባ!» እያልኩ እዘላለሁ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በዚህ ጉልበት!

ከዚያ እማዬ ትዝ አለችኝና ቀዝቀዝ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች አገር ቤት ሳለን አትንኩኝ ባዮች ነበርን። ክርስቲያን ጎረቤታችንን እንወደዋለን፣ ሲሞትበት አብረን እናለቅሳለን፤ ቤታችን ግን አይገባም። ከነካነውም ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ደጃችንን አንረግጥም። መምህር ወንዳለ ያኔ ገና ጢም ማብቀል የጀመረ ጎረምሳ ነበር። «ልጅቷን ለትምህርት ስጡኝ» እያለ አጥራችን ሥር ይቆማል። ሥርዓታችንን ስለሚያውቅ አንድ እግሩን እንኳ አያሳልፍም። እማዬ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና... ኧረ ምን አስባለኝ፣ ይኸው አጠገቤ አለች! እማዬ ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድበት እያየች ግባ አላለችውም። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን?» አለችው እንጂ። ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ደግሞ መጣ። በመጨረሻ አባዬ «ይህ ሰው በብርድ ይሞትብናል፣ ስጪው» ብሎ ላከኝ። ፊደል የቆጠርኩት እንዲህ ነው። እዚህ አገር ስንገባም ዓይኔ ፊደል ለምዶ ነበርና ዕብራይስጡን ከሁሉ ቀድሜ ያዝኩት።

እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አሽዶድ ከገባን ወዲህ የመንካቱ ነገር ተረስቷል፤ ዶክተሩም የአውቶቡሱ ሹፌርም ወገን ነው ብላ ታምናለች። ከላያችን ያለችው ሩሲያዊት ለገና ዛፍ እንደምታቆም አልነገርናትም። ለምን እንነግራታለን? መምህር ወንዳለን ግን ታውቀዋለች። በነዚያ ወጣቶች ፊት ደጅ ላይ ብታቆመውስ? ሰውየው መሪያቸው ነው፣ ባሕር ተሻግሮ ይዟቸው የመጣ! ይህን ከማይ መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ።

ነገርኳት።

«ያ ረጅሙ?» አለች።

«አዎ፣ ያ ረጅሙ። ሐሙስ እራት ይመጣል። እማዬ፣ በሞቴ፣ እንዳታዋርጂኝ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ክፍሏ ገባች። አናቴ ጨሰ።

ሐሙስ ከሥራ ቀርቼ ዓሣ ገዛሁ። እነሱ የእኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ዓሣ ግን ማን አረደው አይባልም። ጠበስኩ፣ ወጥም ሠራሁ፣ ምንጣፉን በረንዳ ላይ ሰቅዬ ደበደብኩት። ልቤ እንደ ሙሽራ ልብ ነው የሚመታው። ሳሎን ስመለስ እማዬ ትልቁን የፕላስቲክ ጆግ ውሃ ሞልታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች። ከጎኑም ሳፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው» አለች።

«ውሃ መሆኑንማ አያለሁ! ለምንድን ነው?»

«ለመታጠቢያ ነዋ» ብላ ጥላኝ ሄደች።

ገባኝ። ሰውየው ከነካት ለመታጠብ ነው፤ ወንዝ ስለሌለ ጆግ! ላነሳው ጎንበስ አልኩ። «ተይው!» የሚል ድምፅ ከክፍሏ መጣ። ተውኩት፤ ግን ከንፈሬን ነክሼ ነው።

ሲመሽ ሚኒባሱ ከታች ቆመ። በመስኮት ብቅ ብል፣ ረጅሙ ሰውዬ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ልጆቹን በተራ ያወርዳል። ጎብጧል፣ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። «ወደቡን ነገ ታነሱታላችሁ፣ ካሜራው ይከተት! ሰው ቤት ነው የምንገባው። ሦስት ሰዓት ላይ እንመለሳለን፣ ማንም እንዳያዘገየኝ!» አለና ሰዓቱን አየ። እኔም ሳላውቀው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ወጣቶቹ ደረጃውን እየሳቁ ወጡ። ሐረጓ የምትባል ሐኪም ከፊት ናት፤ አቅፋ ሳመችኝ። አራቱም ጆጉን ዘለው ገቡ። መምህር ወንዳለ መጨረሻ ላይ ደረሰ። አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔማ ገና ሳየው ነው የፈሰስኩት።

«መምህር፣ ግቡ! ይግቡ እንጂ!»

ጆጉን ተመለከተና ባለበት ቆመ።

«እናትሽ አሉ?» አለኝ በቀስታ።

«አሉ።»

«እንግዲያው እዚሁ እቆማለሁ። አይቼሻለሁ፣ ይበቃኛል። ልጆቹን አብያቸው።»

«መምህር፣ ምን ሆነው ነው?» አለች ሐረጓ ከውስጥ። በእፍረት ሰውነቴ ነደደ። ያን ጊዜ የእማዬ ክፍል ተከፈተ። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ቀስ እያለች መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ሽቅብ አየችው።

«አንተ ረጅሙ። ያን ቀን በዝናብ አቁሜህ ነበር።»

«ልጅቷን ልለምን እንጂ ልገባ አልነበረም የመጣሁት፣ እሜቴ ንግሥቴ።»

«ወሰድካት።»

«ወሰድኳት።»

እማዬ ጎንበስ ብላ ጆጉን አነሳች። ‹አሁን እሱ ፊት ልትታጠብ ነው› ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እጅህን ዘርጋ» አለችው። «እንግዳዬ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም።»

ዓይኔን ስገልጥ ውሃው በእሱ እጅ ላይ ይወርዳል። ሳፋውን ጋዲ ሮጦ ያዘ። መምህር ወንዳለ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ውሃው ካለቀ በኋላም እጁን አላጠፈም። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ራሷ አደረቀችለት። ከዚያ ያንኑ እጁን ይዛ ደፉን አሻገረችው።

ሲበሉ አጠገቡ ተቀመጠች። አጥንቱን ለቅማ፣ ዓሣውን በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው። ደገመችለት። ከዚያ በኋላ እስክትተኛ ድረስ ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቀልኩም፤ አልታጠበችም።

ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ሹፌሩ ከታች ጥሩንባውን ነፋ። ሐረጓ ግራ ገብቷት «መምህር፣ ሰዓቱ እኮ ሄደ! ለመሆኑ ቅድም በሩ ላይ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

መምህር ወንዳለ አፉ እንደሞላ ሳቀ።

«ምንም አልነበረም» አላት። «ተጋብዘን ነው። ቁጭ በይ፣ ብዪ።»